የልጅ ትከሻ

ሳጂዳ ሹሩባ የምትሠራላት ደንበኛ ገና ግማሽ ራሷ ሲቀር፣ የሳጂዳ ትከሻ እሳት ሆነ። የጉርድ ሾላው ፀጉር ቤት ወንበር ተበላሽቶ ዝቅ አልልም ስላለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ክንዷን እንደ ሰቀለች ነበር።

«እትዬ ሸምሲያ፣ እንደ ሰፈራችን በርጩማ ላይ ትቀመጥልኝና ከላይ ሆኜ ልጨርሳት። ክንዴ ሊገነጠል ነው!» ብላ የፀጉር ቤቱን ባለቤት ለመነቻት።

«ደንበኛ እግርሽ ሥር ላስቀምጥልሽ? ደግሞ ልጅ ምን ትከሻ አለው!»

ሳጂዳ ከንፈሯን ነክሳ ቀጠለች። ብዙም ሳትቆይ ጣቶቿ ደነዘዙና የያዘችው ጉንጉን ተፈታባት።

«ዞር በይ፣ ሰነፍ!» ብላ እትዬ ሸምሲያ ራሷ ጀመረችው። ሁለተኛውን ጉንጉን ሳትጨርስ ክንዷ ተንቀጠቀጠ። ትከሻዋን ጨምድዳ ይዛ፣ «ወይኔ! እህቴ፣ እስቲ ከወንበሩ ውረጂልኝ» አለች ደንበኛዋን። «አንቺ፣ በርጩማው የታለ?»

ሳጂዳ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችላት። «ይኸው። ትልቅ ሰውማ ትከሻ አለው።»