ብሬከሩን የጣለው ማነው?

«መብራቱ መሀል ላይ ከጠፋ… ማዘርቦርዱ አለቀለት።»

ሙባረክ ዓይናለምን አስጠነቀቃት።

ሙባረክ ደብረ ታቦር ገበያው ዳር፣ በቆርቆሮ ከተከፋፈሉት ሱቆች በአንዱ ኮምፒውተር ይጠግናል። ዓይናለም ደግሞ ለሰው እየተየበች ሁለት ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት… ያላትም ኮምፒውተር ይሄው አንዱ ብቻ ነው።

ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽባት ኪሷን አራግፋ አዲስ ገዛች። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ግን ይሄን ዓይነት ዲስክ አላውቅም ብሎ እምቢ አለ።

የቀረው ባዮሱን ማደስ ነው… ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም ነው። እሱ እየታደሰ ሳለ መብራት ከሄደ ኮምፒውተሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል።

«እባክህ ወንድሜ ተጠንቀቅልኝ… ይሄ ከሞተብኝ ልጆቼን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?» አለችው።

ሙባረክን ገና ሳይጀምር ደከመው።

መደዳው ሱቅ በሙሉ የሚጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። ብሬከሩ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እየወደቀ ሥራ ያስፈታል። መብራት ሲሄድ የሚይዝለት ባትሪ ነበረው… እሱም ከሞተ ቆየ።

ብሬከሩን የሚጥለው ማን እንደሆነ ሙባረክ እርግጠኛ ነበር።

ከቆርቆሮው ወዲያ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሻይና ቅቅል ድንች የሚሸጡት እትዬ ውዴ ናቸዋ… ሌላ ማን ይሆናል?

ስንቴ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሙባረክ ለአከራዩ ለአቶ ፈንታሁን ከሰሳቸው። አቶ ፈንታሁንም ወሩ ሲያልቅ ሱቁን እንዲለቁ ነገሯቸው።

ከዚያ ወዲህ በመሀላቸው ሰላምታም የለም።

እና ዛሬ «ምድጃዎን ለትንሽ ጊዜ ያጥፉልኝ» ብሎ ሊለምን ነው… በየት አፉ?

ሳይጠይቃቸው ጀመረ።

የማዘርቦርዱን ስም ካርቶኑን ሳያምን ከራሱ ከቦርዱ ላይ አነበበ። ያወረደው ፋይል የዚያው መሆኑን ደጋግሞ አየ። ፍላሹን ሰካ… «ቢስሚላህ» ብሎ ተጫነው።

ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ትንሽ ትሞላለች… ትቆማለች… ደግሞ ትንሽ ትሞላለች።

ዓይናለም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

የሙባረክ ጆሮ ከቆርቆሮው ወዲያ ነው። አሁን ምድጃውን ይሰኩታል፣ አሁን ጉድ ያደርጉኛል ይላል በሆዱ።

ብሬከሩ ግን አልወደቀም።

መስመሯ ሞላች… ስክሪኑ ጨለመ። ሙባረክ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። በዚህ ሰዓት ቸኩሎ የነካ ሁሉንም ያጣል። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ተነሳ… አዲሱንም ዲስክ አወቀው።

ዓይናለም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ መርቃው፣ ባጃጅ ጠርታ ኮምፒውተሯን ይዛ ሄደች።

ሙባረክ እፎይ ብሎ ወደ ቀረው ሥራው ዞረ። የሌላ ሰው ቦርድ ሊበይድ፣ ሙቅ አየር የሚነፋውን ብሎወሩን አንስቶ አበራ።

ቷ… ብሬከሩ ወደቀ።

«አይ እኚህ ሴትዮ…» ብሎ ንዴቱን ይዞ ወጣ።

እትዬ ውዴ ደጃፋቸው ላይ አጎንብሰው እርጥብ ከሰል ያራግባሉ። ዓይናቸው በጭስ ቀልቷል። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አመዱን መልሶ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል። የኤሌክትሪክ ምድጃቸው ገመዱ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል… አንድም ደንበኛ የላቸውም።

ልብስ ሰፊውም ጸጉር አስተካካዩም ማሽናቸውን አጥፍተው በር በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ጨረስክ ልጄ?» አሉት እትዬ ውዴ። «የልጅቷን ጭንቀት በቆርቆሮው ሰማሁት። እስኪጨርስላት አጥፉ ብዬ ለመደዳው ሁሉ ነገርኩ… እንግዲህ እናብራ?»

ሙባረክ መደዳውን ዞሮ አየ።

በመደዳው ላይ ምንም የበራ ነገር አልነበረም… ከእሱ ብሎወር በቀር።

ያኔ ትዝ አለው። ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር ብሎወሩ እሱ እጅ ላይ ነበር።

«እትዬ ውዴ… ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ። ኤሌክትሪሽያን አምጥቼ ምድጃዬን አስፈትሼ ነበር፤ ሾርቱ ካንተ ወገን ነው ብሎኛል።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«ልነግርህ መጥቼ ነበር… ሰላም ስልህ ጀርባህን ሰጠኸኝ።»

«ለአቶ ፈንታሁንስ?»

እትዬ ውዴ ማራገቢያውን አስቀመጡ።

«ሚስትህ ሀያት አራስ ነበረች። አንተን ካስወጡህ ሕፃን ታቅፋ ምን ትበላለች ብዬ… እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የትም እሆናለሁ። ደግሞ መጨቃጨቁም ደከመኝ።»

ሙባረክ በቀጥታ ወደ አቶ ፈንታሁን ሄዶ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ተናገረ። ረፍዶ ነበር… ሱቁ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ቀብዱም ተበልቷል።

ተመልሶ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፋና የራሱን ሱቅ ግማሹን ባዶ አደረገ። ምድጃቸውን ይዘው እዚያ እንዲገቡ ለመናቸው።

እትዬ ውዴ ባዶውን ቦታ ቆመው አዩት… «እስቲ ላስብበት ልጄ» ብለው ወደ ከሰላቸው ተመለሱ።

እስካሁን እያሰቡ ነው።

እናላችሁ ወዳጆቼ… ሙባረክ ለአንድ ማዘርቦርድ ያን ሁሉ ተጠነቀቀ። ስሙን አጣራ፣ ፋይሉን ደጋግሞ አየ፣ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ለጎረቤቱ ግን የዚያን ሩብ እንኳ አልተጠነቀቀም። ሰው ላይ ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት እጃችን ላይ የያዝነውን እንይ።

እናንተ በእትዬ ውዴ ቦታ ብትሆኑስ… ወደዚያ ግማሽ ሱቅ ትገቡ ነበር? ወይስ ድንቻችሁን ይዛችሁ ትሄዱ ነበር?

እኔ መወሰን አቅቶኛል… እስቲ እናንተ ከነምክንያታችሁ ከታች ጻፉልኝ።