የእትዬ አስካለ ሹራብ

ቤት ለቤት የሚያስሱት ታጣቂዎች በሩን ሲደበድቡ እትዬ አስካለ ጀምረው የተዉትን ሹራብ ከነሽቦው በተከራያቸው እጅ ላይ ጣሉት። ታጣቂዎቹ የሚፈልጓት ተማሪ ይህች ተከራይ ናት። ሹራብ ሠርታ አታውቅም፤ ሴትዮዋ ሲሠሩ ያየችውን እያስታወሰች ክሩን ጠመጠመች፣ ሳበች።

«የእህቴ ልጅ ናት፤ ሹራብ ሠርታ ነው የምታድረው» አሉ እትዬ አስካለ።

ቀድሞ የገባው ባለጠመንጃ ዓይኑን ከጣቶቿ አልነቀለም። አንድ የክር ቀለበት አመለጣት፤ ሌላም ተከተለ።

ወጣቱ ባለጠመንጃ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ሽቦዎቹን ከእጇ ወሰደ። ያመለጡትን ቀለበቶች አንድ በአንድ ለቅሞ መለሳቸው።

«ክሩን በሌባ ጣትሽ ላይ አሳልፊው» አላት በሹክሹክታ። «አለቃችን እየገባ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እናታችን ሁለታችንንም ያሳደገችን ሹራብ እየሠራች ነው።»