ጉንጫቸውን የያዙ ሰዎች

ነርሷ ስሟን ስትጠራ ሠዓሊዋ አልሰማችም። ያበጠ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ከጥርስ ሐኪሙ በር አጠገብ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆማለች።

"አንቺን እኮ ነው!" አለ ባሏ ክንዷን ነካ አድርጎ።

"ሌላ ሰው ይግባ።"

"ስታቃስቺ አድረሽ?"

"ይግባ አልኩህ እኮ።"

ነርሷ ትከሻዋን ነቅንቃ ቀጣዩን ጠራች። በተርታ የተቀመጡት ሕመምተኞች ተያዩ። አንዲት አሮጊት "አይዞሽ ልጄ፣ መርፌው ምንም አይልሽም" አሏት። የፈራች የመሰላቸው እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ባሏም ጭምር ነው።

ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ሰው የቁም ሳጥን በር የሚያህል መስታወት ተሸክሞ መንገድ ያቋርጣል። ፊቱ አይታይም፣ ደረቱ አይታይም፤ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ጣቶቹ፣ ከታች ደግሞ አቧራ የጠጡ ጫማዎቹ ብቻ ብቅ ብለዋል። ሰውየው መኖር በነበረበት ቦታ፣ በግራጫ ግድግዳና በቆሙ መኪኖች መሀል፣ ደመና የሞላው ሰማይ እግር አውጥቶ ይሄዳል።

ሠዓሊዋን አናደዳት። ከሁለት ዓመት በላይ ብሩሽ አልነካችም። የሚሣለው ሁሉ ተሥሎ አልቋል ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ዛሬ ደግሞ ቀለሙም፣ ሸራውም፣ ማቆሚያውም ተጠራርጎ የባሏ እህት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው፤ የሚጭነው መኪና ይህን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። "ውሰጂልኝ፣ ዓይኔ አይየው" ያለቻት ራሷ ናት። እና ማን እንደሆነ እንኳ ያልተጻፈለት ፎቶ አንሺ፣ በዛሬው ቀን፣ ሰማይን በሰው እግር እያስኬደ ይሳለቅባታል!

"የት ገባ?" አለች።

"ማን?"

"ፎቶ አንሺው። ፊት ለፊት ቆሞ ነው ያነሳው፤ መስታወቱ ውስጥ መታየት ነበረበት እኮ።"

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ጥርስ ልታስነቅይ ነው የመጣሽው ወይስ የጠፋ ሰው ልታፈላልጊ?"

ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች። ተጠጋች፣ ራቀች። ጥርሷ እስከ ጆሮዋ ይጠዘጥዛታል፤ እሷ ግን የሚያቁነጠንጣት ሌላ ነው። ጫማዎቹን አየች። ከጣቶቹ ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ትልልቅ ናቸው፤ አስፋልቱም ወደ ተመልካቹ አፍንጫ ድረስ የመጣ ይመስላል። ድንገት ጉልበቷን አጠፈችና ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች።

"ዝቅ ብሏል!" ብላ ጮኸች። "እንዲህ ቁጢጥ ብሎ ነው! ከታች ሆኖ ስላየው ነው ሰማዩ ብቻ የታየው።"

"ተነሺ በናትሽ፣ ሰው ያየናል።"

እጁን ዘረጋላት። ልትይዘው ቀና ስትል ተርታውን አየችው።

የአሮጊቷ መዳፍ ጉንጫቸው ላይ ነው። ከጎናቸው ያለው ግዙፍ ትራፊክ ፖሊስ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጉንጩን ይዟል። ሻርፕ የጠመጠመችው ወጣት ጉንጯን ይዛለች። ከሷ ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ አንድ እጅ አልበቃ ብሏቸው በሁለቱም ይዘዋል። ከወለሉ ሲታዩ አገጭና ጉሮሮ ብቻ ናቸው፤ ጣሪያው ላይ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ለቅሶ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ከጠዋት ጀምሮ መሀላቸው ተቀምጣ አንዳቸውንም አላየችም ነበር።

"እስክሪብቶ!" አለች።

የባሏ ስልክ ጮኸ። ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ስልኩን በመዳፉ ከደነው። "እህቴ ናት። መኪናው ቤት ደርሷል፣ ልጃችን ከፍታላቸዋለች። ሊጭኑ ነው።"

"እንዳይጭኑ በላት።"

"ምን?"

"ዕቃዬን እንዳይነኩ!"

"ተማሪዎቹ እኮ ተነግሯቸዋል! ክፍሉን ጠርገው እየጠበቁ ነው አለችኝ። አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት? በምን ፊቴ?"

አፈረች። ጠርገው የሚጠብቁትን ልጆች አሰበችና ከልቧ አፈረች። እጇ ግን ቀድሟት የነርሷን እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አንስቷል።

"እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እለምናቸዋለሁ። አንተ አሁን አስቁማቸው፣ ቶሎ በል!"

ወለሉ ላይ ተቀምጣ የራጅ ፖስታዋን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። መጀመሪያ የሽማግሌውን ጣቶች ለመሣል ሞከረች፤ አልሆነም፣ ሰረዘች። ከፖሊሱ አገጭ ጀመረች።

"እመቤት፣ አሁን ካልገባሽ ለነገ ነው" አለች ነርሷ።

"ለነገ ይሁን" አለች፣ ዓይኗን ከተርታው ሳታነሳ።

ባሏ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። "እህት ዓለም፣ እንዳይጭኑ አለች... እኔ እንጃ... አይ፣ ጤነኛ ናት... ኧረ እኔ እንጃልሽ፣ ወለል ላይ ተቀምጣለች... አስቁሚያቸው፣ አዎ፣ የጫኑትንም ያውርዱት።"

ስልኩን ዘጋ። ከተርታው ጫፍ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሄዶ ዘጭ አለበት። ወለሉ ላይ የተቀመጠችውን፣ ጉንጯ እንደ ኳስ ያበጠውን ሚስቱን ተመለከተ። በረጅሙ ተነፈሰና እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ።

"እንዳትነቃነቅ!" አለችው።

አልተነቃነቀም።