በሁዳዴ የጠጣችው ወተት

«ጾም ነው።»

እትዬ አልታየች ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ...

አሰጋሽ የወተቱን ኩባያ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ጊዜው 1966 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በአድማና በሰልፍ እየታመሰች ነው፣ በሬዲዮ ይሰማል። መካነ ሰላም ከተማ ያለው መጠለያ ግን ሬዲዮ የሚሰማበት ጆሮ የለውም... ከማሻም ከደጎሎም በረሃብ ተሰዶ የመጣ ሰው ተኝቶበታል።

አሰጋሽ እዚያ የማህበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት። አዲስ አበባ ተምራበት ነው የመጣችው። ሥራዋ ሰውን ቀርቦ ማነጋገር፣ ችግሩን መረዳት ነው።

የቄስ ልጅም ናት። በጾም ቀልድ አታውቅም።

አለቃዋ አቶ ብዙነህ ይህን ስለሚያውቁ ጠዋት ጠዋት ይመክሯታል።

«እምነትሽን በር ላይ ትተሽ ግቢ። ስትወጪ ታነሺዋለሽ።»

እምነት ጃንጥላ ነው እንዴ? ግን አለቃ ናቸውና እሺ ብላ ትገባለች...

ወደ እትዬ አልታየች እንመለስ።

ተሰደው መጠለያው ከመጡ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም። የመጠለያው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ለአሰጋሽ ቁርጡን ነግሯታል። «ሆዳቸው እህል አይችልም። ወተት ካልጠጡ ይሞታሉ።»

ቄስ አስጠራች።

ቄሱ መጥተው «ለታመመ ተፈቅዷል፣ እኔ ፈትቼሻለሁ» አሏቸው።

እትዬ አልታየች መስቀሉን ተሳለሙ... ወተቱን ግን አልነኩም።

በማግስቱ ድምፃቸው ራሱ አልሰማ አለ።

አሰጋሽ ጨነቃት። መሬቱ ላይ፣ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ኃጢአት ከሆነ የሁለታችንም ይሁን» አለች።

ከኩባያው ተጎነጨች።

በዕድሜዋ አንድ ቀን ጾም ገድፋ የማታውቅ ልጅ... በሁዳዴ... ሰው ሁሉ እያያት!

እትዬ አልታየች ኩባያውንም እሷንም አዩ።

ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ... ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ አሰጋሽ በየቀኑ እየሄደች አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ እሳቸውም ይጠጣሉ። ነፍስ ዘሩ።

የአሰጋሽ መከራ ግን ያኔ ጀመረ።

አቶ ብዙነህ ጠርተው ተቆጧት። «የተራበ ሰው ወተት መጠጣትሽ አንሶ ስለ ኃጢአት ትሰብኪያለሽ?»

ከተማው ደግሞ በሌላ በኩል ያዛት። በሁዳዴ ወተት የምትጠጣዋ እየተባለች መንገድ ላይ በዓይን ትሸኛለች።

አከራይዋ ወይዘሮ ወርቄ ሰላምታ ነሷት። የጽዋ ማህበሯ ሴቶች ተራዋን ዘለሏት። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም አጠገቧ ያሉት ፈቀቅ ይላሉ።

የንስሐ አባቷ ስግደት ሰጥተው «እግዜር ይፍታሽ» ብለዋታል።

ሰው ግን አልፈታትም...

ፋሲካ ደረሰ።

በየቤቱ ሰው ይጠራራል። አሰጋሽን የጠራት የለም። ከአጥሩ ወዲያ የወይዘሮ ወርቄ እንግዶች ሲሳሳቁ ይሰማታል።

የሠራችውን ወጥ አወጣች። እጇን ታጠበች። አንድ ጊዜ ቆርሳ ወደ አፏ ወሰደችና... መልሳ አስቀመጠችው።

አልወርድ አላት። እንባዋ መጣ።

«ቤቶች... ደህና ዋላችሁ?»

እትዬ አልታየች ነበሩ። በትር ተደግፈው፣ በየበሩ እየጠየቁ ነው የመጡት።

«እንኳን አደረሰሽ ልጄ። በዓመት በዓል ብቻሽን?»

«ጾም ገዳፊ ማን ይጠራል ብለው ነው፣ እትዬ?»

እትዬ አልታየች ገብተው ተቀመጡ።

«ለኔ ብለሽ ነው... ሰምቻለሁ። እኔን ግን ጾም አልነበረም የያዘኝ።»

አሰጋሽ ደነገጠች።

«ቄሱም ፈትተውኝ ነበር እኮ። ባሌም ልጆቼም መንገድ ላይ ቀሩ... እኔ ከተወለድኩ ብቻዬን በልቼ አላውቅም። እዚያ ደግሞ ሁሉም ኩባያውን ይዞ ከላዬ ይቆማል። አብሮኝ የሚቀመጥ አጣሁ። ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ይሄ ለማን ይነገራል? ጾም ነው ስል ሰው ይተወኛል።»

ደግሞ ጨመሩ።

«ወተቱን ስለጠጣሽ እኮ አይደለም የጠጣሁት። አጠገቤ ስለተቀመጥሽ ነው። ያንቺን ቆሎ እየቆረጠምሽም ብትቀመጪ ይበቃኝ ነበር...»

አሰጋሽ ሳቅም ልቅሶም ተናነቃት።

ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያስተማሯት ነገር «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነበር። የቄስ ልጅ ናትና «ጾም ነው» ስትባል ሁሉም ነገር የገባት መሰላት። ሳትጠይቅ ቀረች።

ደግሞስ ያን ቀን ከመሬት ላይ ያስቀመጣት ያው እምነቷ አይደል?

«አብሽሪ» አሉ እትዬ አልታየች፣ እጃቸውን እየታጠቡ። «ነይ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው አጎረሷት።

ወረደላት።

ወዳጆቼ... ሙያችን ጠይቁ ይለናል፣ እምነታችን አብራችሁ ተቀመጡ ይለናል። ጠይቆ ብቻ የሚሄድ ሰውን አይፈውስም። ሳይጠይቅ የሚቀመጥም የሰውን ሕመም ሳያውቅ ይኖራል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ግን ሰው ያድናል።

እናንተስ... «ደህና ነኝ፣ ምንም አልፈልግም» የሚላችሁና ብቻውን የሚበላ ሰው በሰፈራችሁ የለም?

ስሙን አትጻፉት። መቼ ሄዳችሁ አጠገቡ እንደምትቀመጡ ግን ኮሜንት ላይ ንገሩን።