በማን ልክ?

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ የፊልሙን ቀይ የጀግና ልብስ ታናሽ እህቷን አለበሰቻት። ፊልሙ ተራ የሰፈር ሰዎች ጭምብል አጥልቀው ወንበዴ የሚያደቁበት፣ ደም እንደ ጎርፍ የሚወርድበት ነው። ለዋናዋ ጀግና ሁለቱም ተፈትነው ታናሽየዋ አለፈች፤ ታላቅየዋን «አንቺ ብትሰፊልን ይሻላል» አሏት።

ልብሱ ታናሽየዋ ላይ እንደ ጆንያ ተንዘላዘለ።

«እትዬ፣ በማን ልክ ነው የሰፋሽው?»

«አንቺው ከስተሽ ነው!»

ውሸቷን ነው። ጨርቁን ስትቆርጥ፣ ልቧ እያረረ፣ መቀሱ የሄደው በራሷ ወገብ ልክ ነበር።

ዳይሬክተሩ ብቅ አለ። «ለማጥበብ ጊዜ የለንም። ከጣሪያ የምትዘልበትን ነው የምንቀርጸው፤ ጭምብል ስላለ ፊት አይታይም። ልኩ የሆነ ሰው ይልበሰው።»

«እኔ አለሁ» አለች፣ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፍታ።

ዚፑን ስትስበው ልብሱ እንደ ቆዳዋ ገጠመ። መስታወቱ ውስጥ እህቷ ከኋላዋ ቆማ ዓይኗን ከቀዩ ልብስ መንቀል አቅቷታል። ልብስ ሰፊዋ ያንን አስተያየት አሳምራ ታውቀዋለች።

«ለነገ በኔ ልክ ታስተካክይልኛለሽ አይደል፣ እትዬ?» አለች ታናሽየዋ፣ ድምጿ ሰልሎ።

«ይሄ ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይስተካከልም» አለችና ጭምብሉን አጠለቀች።