የቀኑ ወንዳታ

ሙገሳ በራሽን ከሆነ ወዲህ ለአንድ ቤት የሚፈቀደው በቀን አንድ «ወንዳታ» ነው፤ ለሴትም ለወንድም ያው አንዱ ነው። እሱ ካለቀ አፍ ቢከፈትም ድምፅ አይወጣም።

ትጓደድ ጣሪያ ላይ ወጥታ የሚያፈሰውን የውኃ ታንከር ጠግና ስትወርድ፣ እናቷ የቆሸሸ ልብሷን አየችና «አንቺ ወንዳወንድ! ሂጂ ታጠቢ» አለቻት። ስድብ ራሽን የለውም።

እራት እንደተበላ ታናሽ ወንድሟ ቸርነት የበላበትን ሳህን አንስቶ ኩሽና አስገባ።

«ወንዳታ፣ የኔ አንበሳ!» አለችው እናቱ ፊቷ በርቶ። ትጓደድ በቅናት እርር ድብን አለች።

እናቷ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትከፍተው፣ ከስንት ቀን በኋላ ውኃው ተንፎለፎለ። ወደ ትጓደድ ዞር ብላ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ግድ የለም፣ ነገ ትልሻለች» አለ ቸርነት።

«ነገም አንተ ሳህን ታነሳለህ» አለችው ትጓደድ።