ከጉድጓዱ የወጣው ፓምፕ

የጉድጓዱ ፓምፕ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል። ከቧንቧው ግን ውሃ ጠብ አይልም። የልጅቱ የታመሙ እናት ከንፈራቸው በጥም ተሰነጣጥቋል። ልጅቱም ውሃ ልመና የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ ጠንታ ጨርሳለች።

«በእናትህ ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለችው ያስመጣችውን ቧንቧ ሠራተኛ።

እሱም የፓምፑን ማብሪያ ቀየረ፤ ውሃውን ወደ ቧንቧ የሚገፋውን የብረት ጋን አየር ሞላ። ፓምፑ ግን ያው ነው፤ ይነሳል፣ ይጠፋል። ቢቸግረው መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋና ሁለቱ ተጋግዘው ፓምፑን ከጉድጓዱ ጎትተው አወጡት። ጭቃ የለበሰው ብረት ግቢው መሃል ተጋደመ። ሠራተኛው ክዳኑን ፈትቶ አየው።

«እህቴ፣ ሞተሩ ነዷል። ይሄ ከሞተ ቆይቷል።»

«ታዲያ እስካሁን ሲነሳ የነበረው ምንድን ነው?»

ወዲያው ከጉድጓዱ ሥር ያ የለመዱት የሞተር ድምፅ ተነሳ። ቤት ውስጥ ቧንቧው ሲንፎለፎል ተሰማ።

«ውሃው መጣ! ተባረኩ ልጆቼ!» አሉ እናቷ ከወጥ ቤት።

ልጅቱ ወደ ቤት ሮጠች። «እማዬ፣ እንዳትጠጪው!»

«ጠጣሁት እኮ» አሉ እናቷ። «ግን ልጄ፣ ምነው ሞቀ?»